የኢፍቱ በረዶ

ገንደ ቆሬ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣
ሳጥኔን አንግቼ ወጣሁ በዝግታ።
ሸምሰዲን ከኋላ፣ ጠመኔ ከጆሮው ላይ ሰክቶ፣
በየበሩ ቆሞ፣ እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ተግቶ
ቁጥር ይጽፋል፦ ስንት ልጅ አለ፣ ስንቱ ጠብታውን አገኘ፣
ስንቱ ቀፊራ ወርዷል፣ ስንቱ አልጋ ሥር ተገኘ።

ሳጥኑ ውስጥ አራት በረዶ፣
በበረዶው መሐል ብልቃጥ፣ አውራ ጣት የምታህል፤
ብልቃጧ ላይ አንዲት ክብ፣ በክቧ ውስጥ ነጭ አራት ማዕዘን።
ነጭ እስከሆነች ድረስ መድኃኒቱ በሕይወት አለ፤
እንደ ክቧ ከጠቆረች ግን፣ የለመነ ቢለምን፣ የማለ ቢምል፣
ሙቀት በልቶታል፤ ይጣላል።
እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው ሰዓቴን አይደለም፤
እሷን ነው።

ድሬን የማያውቅ ነው ሙቀትን አውቃለሁ የሚል።
እዚህ ጥላው ራሱ ጥላ ይፈልጋል፤
የደቻቱ አሸዋ ጎርፉን ረስቶ በጫማ ሥር ይንጫጫል፤
ባለባጃጁ መሪውን በእርጥብ ጨርቅ ይጨብጣል።

ኢፍቱ በር ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር።
ሦስተኛ ዘመቻ፣ ሦስተኛ «አይሆንም»።
ሸምሰዲን ሁለቴ ዜሮ ጽፎባት
ሁለቴ በውሃ አጥባዋለች።
«አቦ ተዪኝ» አለች፣ ነጂብን በጎኗ ታቅፋ፣
«ታላቁ በተወጋ ማታ ገላው እሳት ሆነ፤
ሌሊቱን በእጄ ላይ አነጋሁት።
ጠመኔ ይዞ የመጣ ሞልቷል፤
ማግስቱን ‹እንዴት አደረ?› ያለኝ ማነው?»

መልስ አልነበረኝም።
በተማርኩበት ደብተር ለዚህ ጥያቄ ገጽ አልተሰጠውም።
ሸምሰዲን ሦስተኛውን ዜሮ ጻፈ፣ ቀስ አድርጎ፣
እንደሚያፍር ሰው፣ ጫፉን ከጫፉ ሳያገናኝ።

ልሄድ ስዞር ሳጥኑ ተንቦጫረቀ።
በጤና ጣቢያው መስመር መብራት ጠፍቶ አድሮ
በረዶው በግማሽ ልቡ ነበር የረጋው።
ኢፍቱ ደግሞ በረዶ ቸርቻሪ ናት፤
በፌስታል ቋጥራ ለሰፈሩ ትሸጣለች፣
የውሃን ድምፅ ከሩቅ ትለያለች።

«ቀልጦባችኋል።»
«ቀልጧል።»
«ሲሞቅ ምን ይሆናል?»
«ይሞታል።»
«ነፍስ አለው?»
«አለው፤ የደከመች። የደከመችዋ ናት የልጁን ገላ የምታስተምር።»
«ስንት ቤት ቀራችሁ?»
«ሃያ ሰባት።»

ዝም ብላ ገባች። ፍሪጁ ሲከፈት ሰማነው፣
ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ።
አራት ፌስታል ይዛ ወጣች።
ብር ያወጣ እጄን መለሰችው፦
«የሰው ልጅ ነው፤ ሲቀልጥበት ቆሜ አላይም።
የኔን ግን አትንኪ።»

በዚያ ከሰዓት ሃያ ሰባት ቤት የኢፍቱ በረዶ ገባ፤
አርባ አንድ ትንሽ አፍ ተከፈተ፣ አርባ አንድ ትንሽ ጣት ቀለም ነካ።
በቅጹ ላይ ለበረዶ የሚሆን ረድፍ የለም።
አራት ማዕዘኗ እስከ ማታ
እንደ ወተት ጥርስ ነጭ ሆና ዋለች።

ማግስቱን ሳጥን ሳልይዝ ሄድኩ።
ባዶ ትከሻዬን አየችው።
«ታላቁ እንዴት ነው?» አልኩ፤
ሁለት ዓመት የዘገየ ጥያቄ።
ታላቁ ግቢው ውስጥ ከላስቲክ ኳስ ጋር ይጣላል፣ ጉልበቱ ተልጧል።
ስለዚያች ሌሊት ነገረችኝ፤ ግንባሩ ላይ ስለደረቀው እርጥብ ሽርጥ፣
ጋሪ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ እጁን ስለተመለሰው ባሏ።
ጨርሳ እስክትተነፍስ ጠበቅሁ።
ትኩሳቱ ገላ ጠላቱን ሲለማመድ መሆኑን፣
በሁለት ቀን እንደሚበርድ፣ ካልበረደ እኛ ዘንድ መምጣት እንዳለባት
ከዚያ በኋላ ነው የነገርኳት፤
ያኔ ልትሰማው የሚገባትን።

እሺ አላለችም።
«ዘመቻው መቼ ያልቃል?»
«ነገ።»
«ነገ በረዶ ይኖራችኋል?»
«እንጃ፣ እንደ መብራቱ።»
«እንግዲያ ከኔ ጀምሩ።»
ከበረዶው ይሁን ከነጂብ፣ አልጠየቅኋትም።

ስወጣ በሩን አየሁት።
ሦስተኛው ዜሮ አልታጠበም፤
ጫፍና ጫፉ እንዳልተገናኘ፣
በአንድ ጎኑ ክፍት።